ስዕሉ ትክክል ነው፣ ዕቃው ግን አልገጥም አለ

ድሮዊንግ (የማሽን ዕቃ ስዕል) የምትማሩ ልጆች ደጋግማችሁ የምታነሱት አንድ ቅሬታ አለ። «ስዕሌ ላይ ስህተት የለም፤ ወርክሾፕ ገብቶ ሲሠራ ግን አልሆነም» ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው፣ መስመሮቹ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ስዕሉን አንብቦ ብረት የሚቆርጥ፣ የሚያጥፍና የሚለካ ሰው አለ። ብዙው ችግር ያለው እዚያ መሀል ነው። ከችግሩ ምልክት ተነስተን እንፈልገው።

ዘንጉ ኩሽኔታው ውስጥ አይገባም፣ ወይም ገብቶ ይዋልላል

ይሄ እኔም ላይ ደርሷል። ተማሪ ሳለሁ ለ6204 ኩሽኔታ (ዘንግ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት፤ 6204 የመጠኑ ቁጥር ነው) የሚሆን ዘንግ ሣልኩ። የኩሽኔታው የውስጥ ዲያሜትር 20 ሚሊ ነው። እኔም ዘንጉ ላይ 20 ብዬ ጻፍኩ፣ በቃ። ቶርኖ (ብረቱን እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ ሁለት ዘንግ ተሠራ። አንዱ 19.93 ወጣ። ኩሽኔታው ሰተት ብሎ ገባ፤ የውስጥ ቀለበቱ ግን ዘንጉ ላይ ለብቻው ይዞር ነበር። ሌላው 20.06 ወጣና አልገባም አለ። አንድ ጓደኛችን መዶሻ አንስቶ የውጭ ቀለበቱን መታው። ከዚያ ወዲያ ኩሽኔታውን በእጅ ስናዞረው አሸዋ እንደገባበት ይንገጫገጭ ጀመር። ምቱ በኳሶቹ በኩል አልፎ የሚሮጡበትን መንገድ አጎድጉዶታል። አዲስ ኩሽኔታ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ባለ ቶርኖውን ለመውቀስ ቸኩዬ ነበር። ግን የስዕሌ ግርጌ ላይ አይሶ 2768 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ መካከለኛ ደረጃ ይላል። ልዩ ቶለራንስ (ከልኬቱ የሚፈቀድ ልዩነት) ያልተጻፈበት ልኬት ሁሉ በእሱ ነው የሚሠራው። ለ20 ሚሊ ደግሞ ±0.2 ይፈቅዳል። ከ19.8 እስከ 20.2 የወጣ ዘንግ ሁሉ ትክክል ነው ማለት ነው። ሁለቱም ዘንጎች ያልኩትን አክብረዋል። ያልተናገርኩት እኔ ነኝ።

መፍትሄው «ፊት» (fit) የሚባለውን፣ ማለትም ዘንጉና ቀዳዳው ምን ያህል ጠብቀው ወይም ላልተው እንደሚገጥሙ የሚናገረውን ኮድ፣ ጽፎ መስጠት ነው። የውስጥ ቀለበቱ ከዘንጉ ጋር የሚዞር ከሆነ ኬ6 (k6) የተለመደ ምርጫ ነው፤ ዘንጉን ከ20.002 እስከ 20.015 ባለው ውስጥ ያስቀምጠዋል። መደበኛ የኩሽኔታ ቀዳዳ ልክ 20 ወይም እስከ 0.010 ያነሰ ሆኖ ስለሚሠራ ጠበቅ ብሎ ይይዛል። ሲገባም የሚገፋው የውስጥ ቀለበቱ ብቻ ነው፤ የውጩ አይነካ። ዘንጉ ቀዳዳ ውስጥ እንዲንሸራተት ከፈለጋችሁ ደግሞ ቀዳዳውን ኤች7 (H7)፣ ዘንጉን ጂ6 (g6) በሉት።

ይህን ካወቁ በኋላ ሁሉም ልኬት ላይ ጠባብ ቶለራንስ የሚደረድሩ ልጆች አሉ። አታድርጉት። የማይነካካ ጎን ላይ የተጻፈ 0.01 ጊዜና ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ምንም አይጨምርም።

ሦስት ሰው ለካ፣ ሦስት ቁጥር መጣ

መጀመሪያ ካሊፐሩን (ባለ መንጋጋ መለኪያውን) ዝጉና ወደ ብርሃን አንሱት። በሁለቱ መንጋጋዎች መሀል ብርሃን ካሳለፈ ወይ ቆሻሻ አለ፣ ወይ መንጋጋው ተበልቷል። ተዘግቶ ዜሮ የማያነብ ከሆነ ልዩነቱን መዝግቡና ከእያንዳንዱ ንባብ አስተካክሉ። ቀጥሎ ዕቃውን እዩ። ጠርዙ ላይ የቀረች ትንሽ የብረት ፍቅፋቂ ልኬቱን ታሳድገዋለች፤ ስለዚህ በሞረድ አንሱና በጨርቅ አብሱ። ከዚያ አያያዝ ነው። በመንጋጋው ጫፍ ብቻ መያዝና አጥብቆ መጫን ቁጥሩን ያዛባል። ዕቃውን ወደ ውስጥ ጠጋ አድርጋችሁ ያዙ፣ ስኬሉንም ከጎን ሳይሆን ፊት ለፊት አንብቡ።

ልዩነቱ ልክ ግማሽ ሚሊ ከሆነ ግን ማይክሮሜትር (እየዞረ የሚዘጋ ረቂቅ መለኪያ) ነው የለካችሁበት ብዬ እገምታለሁ። የተለመደው ማይክሮሜትር አንድ ዙር ሲዞር የሚሄደው 0.5 ሚሊ ነው። 7 ቁጥር ካለፈ በኋላ የግማሿ መስመር ብቅ ብላ፣ የሚዞረው ከበሮ ደግሞ 28 ላይ ቢቆም ንባቡ 7.78 ነው። መስመሯን ያላየ ሰው 7.28 ይላል። ጎበዝ ተማሪ ሁሉ አንድ ቀን ይሳሳታል፤ መድኃኒቱ አስቀድሞ በካሊፐር ለክቶ ግምቱን መያዝ ነው። ስትዘጉትም በራቼቱ (ሲጠብቅ ራሱ በሚለቀው የጫፍ እጀታ) ዝጉ።

ጠዋትና ከሰዓት የተለያየ ከሆነስ? ዕቃው ሲለካ ሞቆ ይሆናል። የልኬት መነሻ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። 100 ሚሊ የሆነ አሉሚኒየም 50 ዲግሪ ላይ ወደ 0.07 ሚሊ ይረዝማል፤ ብረት የዚያ ግማሽ ያህል። ከቶርኖ እንደወረደ አትለኩት፣ ይቀዝቅዝ።

ላሜራው ሲታጠፍ ረዘመ

አንዱ ክንፍ 50፣ ሌላው 30 ስለሆነ 80 ሚሊ ተቆረጠ። ላሜራ ሲታጠፍ ግን እስከ ማዕዘኑ ጫፍ ሳይደርስ በአቋራጭ ዞሮ ነው የሚሄደው። 2 ሚሊ ውፍረት ያለው ላሜራ በ2 ሚሊ የውስጥ ራዲየስ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ፣ 50 እና 30 ከውጭ የተለኩ ከሆኑ ወደ 76.5 ሚሊ ይበቃዋል። ቁጥሩ እንደ ላሜራውና እንደ ማጠፊያው ትንሽ ይለያያል። ስለዚህ አንድ ቁራጭ አሳጥፋችሁ ለኩና ከዚያ ስዕላችሁን አርሙ።

ብሎኑ አይነክስም

ኤም8 (የ8 ሚሊ ብሎን) ሲባል ቀዳዳውንም በ8 ሚሊ ፑንታ (መብሻ) በስተውታል። ጥርስ የሚወጣበት ብረት አልቀረም። ከዲያሜትሩ ላይ የጥርሱን እርምጃ (ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት) ቀንሱ። ለኤም6 5፣ ለኤም8 6.8፣ ለኤም10 8.5 ሚሊ ፑንታ ነው።

የመጨረሻው ቀዳዳ ቦታውን ሳተ

አምስት ቀዳዳ በሰንሰለት ለክታችሁ፣ እያንዳንዱን ከቀደመው 40 ±0.1 ካላችሁ፣ አምስተኛው ከጫፉ እስከ 0.5 ሊሸሽ ይችላል። ሁሉንም ከአንድ ጫፍ ለኩ።

«ይሄ ማዕዘን አይሠራም» ተብሎ ስዕሉ ተመለሰ

የሚሊንግ ማሽን መቁረጫ ክብ ነው። በ10 ሚሊ መቁረጫ የሚፈለፈል ኪስ ውስጥ ማዕዘኑ ላይ 5 ሚሊ ራዲየስ መቅረቱ አይቀርም። እናንተ ግን 6 ጻፉ፤ ባለማሽኑ ማዕዘኑ ላይ ሳይቆም ዞሮ ይወጣል።