ካክተሳችሁ አላብብ ካለ ውሃ ንሱት

ማሚላሪያና ሬቡቲያን የመሰሉ ትንንሽ ካክተሶች ለምለም ሆነው አበባ ላይ የሚለግሙት ብዙውን ጊዜ እረፍት ስላጡ ነው። አዲስ አበባና መሰል ደጋ ላይ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ውሃ አቁሙ፤ ፀሐይ በሚያገኝ በረንዳ ላይ ይቆዩ። አፈሩ ደረቅ ከሆነ የሌሊቱ 5 ዲግሪ አይጎዳቸውም፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገናኙ ግን ሥራቸው ይበሰብሳል። ትንሽ ቢሸበሸቡ አትደንግጡ።

ውሃ የምትጀምሩት እምቡጡ በደንብ ሲለይ ነው። ሬቡቲያ ላይ እምቡጡ ከግንዱ ሥር፣ እንደ ቀላ ያለች ነጥብ ብቅ ይላል፤ ቸኩላችሁ ካጠጣችሁት አበባ መሆኑ ቀርቶ የጎን ቡቃያ ሊሆንባችሁ ይችላል። እምቡጥ ከያዘ በኋላ ማሰሮውን አታዟዙሩት። ለአፈሩ ግማሹን የተነፋ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) አድርጉ፤ ክረምት ላይ ደግሞ ከጣሪያ ሥር አስገቡት።