ሱሉልታ ላይ ቀይ ወይን ጠጅ ለምትከፍቱ

«ቀይ ወይን ጠጅ በክፍል ሙቀት ይጠጣል» ሲባል የሱሉልታን የክረምት ሳሎን ማለት አይደለም። የሚስማማው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ነው። የእኛ ቤት ማታ ማታ ከዚያ በታች ይወርዳል።

እህቴ ከጣሊያን ስትመጣ የኤትና ቀይ ወይን ጠጅ ይዛልኝ መጣች። ኤትና ሲሲሊ ያለ እሳተ ገሞራ ነው፤ ተዳፋቱ ላይ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ወይን ይለማል። ዋናው ዝርያ ኔሬሎ ማስካሌዜ ይባላል። ቀለሙ ሳሳ ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል፣ ምላስ የሚያደርቅ ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ያለው ነው። በብርዱ ስቀምሰው መዓዛው ጠፋ፣ ምሬቱ ብቻ ቀረ። አዘንኩ!

መላው ቀላል ነው። ብርጭቆውን ሲሶ ብቻ ቅዱና ሆዱን በሁለት እጃችሁ አቅፉት። ጥቂት ደቂቃ ታገሱ፣ እያሽከረከራችሁ አሽትቱት። የኔው እንደዚያ ሲሆን እንጆሪ እንጆሪ አለኝ። ጠርሙሱን ግን ምድጃ ዳር አታስጠጉት። ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል።

ከዶሮ ወጥ ጋር አልመክርም፤ አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል። አልጫ ወይም ለስለስ ያለ ጥብስ ይሻለዋል። የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ አስገቡ፣ በ3 ቀን ውስጥ ጨርሱት።