መረሬ ላይ ፉቲንግ ማስፋት አልሠራልኝም፣ የሠራው ይኼ ነው

አዲስ አበባ ሲኤምሲ አካባቢ፣ መረሬ በሚባለው ጥቁር አፈር ላይ የቆመ ሰርቪስ ቤት። ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ አለው። በጋ ላይ ሳንቲም ያስገባል። ክረምት ሲገባ ይጠብና በሩ አልዘጋ ይላል።

መጀመሪያ በሲሚንቶ ሞልቼ ቀለም ቀባሁት። በሚቀጥለው በጋ እዚያው ተከፈተ። ከጎኑ አዲስ ክፍሎች ልጨምር ስል ደግሞ ፉቲንጉን (የቤቱን ጭነት አፈሩ ላይ የሚያሳርፈውን የመሠረት እግር) ላስፋው ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ስሌት ስገለባብጥ ከረምኩ። ከንቱ ልፋት። ችግሩ የመሸከም አቅም አልነበረም። ቤቱ ቀላል ነው፣ አፈሩ ውሃ ሲጠጣ አብጦ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ፉቲንጉ በሰፋ ቁጥር ደግሞ ወደ ታች የሚጫነው ግፊት ይቀንሳል፤ ለእብጠቱ ጭራሽ መንገድ መክፈት ማለት ነው።

መፍትሔው የተገኘው ጉድጓድ ሳስቆፍር ነው፣ 2.5 ሜትር። እስከ 1.8 ሜትር ጥቁር አፈር፣ እርጥቡ እንደ ሊጥ አካፋ ላይ የሚጣበቅ። ከሥሩ ዶማ የሚመልስ የበሰበሰ ድንጋይ። ናሙናውን ላብራቶሪ አስገባሁ፤ ፍሪ ስዌሉ (ደረቁ አፈር ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚያብጥበት ልክ) ከ100 በመቶ በላይ ወጣ።

የአዲሶቹን ክፍሎች ፉቲንጎች 2 ሜትር አውርጄ ድንጋዩ ላይ አሳረፍኳቸው፣ ጠበብ አድርጌ። ግሬድ ቢሙ (ፉቲንጎቹን የሚያያይዘው፣ ግድግዳው የሚያርፍበት አግዳሚ ኮንክሪት) አፈሩን እንዳይነካ ከሥሩ ክፍተት ተውኩ። ከወለሉ ሥር 1 ሜትር ጥቁር አፈር አስወጥቼ በገረጋንቲ ሞላሁ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እያስጠቀጠቅኩ። ዙሪያውን 1.5 ሜትር ወደ ውጭ ያዘነበለ ሊሾ። ግድግዳው ሥር ይፈስ የነበረውን የአሸንዳ ውሃም በቱቦ አራቅኩት።

ሁለት ክረምት አልፏል። የአዲሶቹ ክፍሎች በር በአንድ ጣት ይዘጋል። የአሮጌው ቤት ስንጥቅ ግን አሁንም አለ፣ አሸንዳው ከራቀ ወዲህ ጠበብ ቢልም።