ለአክስቴ ሱቅ ዌብሳይት ስንሠራ፦ ምን ያስፈልጋል፣ በማን እጅ ይሁን?

አክስቴ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ትሸጣለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ባለሙያ ዌብሳይት ሠርቶላት ነበር። ቆንጆ ነበር። አንድ ቀን አሜሪካ ያለች ደንበኛዋ ደውላ "ገጽሽ አልከፍት አለኝ" አለቻት። ለባለሙያው ብንደውል ስልኩ አይሠራም። ለካ የዌብሳይቱ ስም የተመዘገበው በእሱ ስምና በእሱ ኢሜይል ነው። ጊዜው አልፎ ሌላ ሰው ወስዶታል። ያ ስም ደግሞ ካርዷ ላይም ፌስታሏ ላይም ታትሟል።

ሁለተኛውን እኔ ሠራሁላት፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እያንዳንዷን ነገር እያስረዳኋት። እናንተም ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ብታውቁት ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዶሜይን ነው፤ ሰው አሳሹ ላይ የሚጽፈው ስም ማለት ነው። "ገዛሁ" ይባላል እንጂ በዓመት የሚከራይ ነገር ነው። ዶት ኮም እንደየሻጩ በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ይሆናል። በዶት ኢቲ የሚያልቁትን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ስም ስትመርጡ ለአንድ ሰው በስልክ ንገሩትና እንዲጽፈው ጠይቁት። የአክስቴ ሱቅ ስም ውስጥ "ጸ" አለ። በላቲን ፊደል አንዱ በቲኤስ ይጽፈዋል፣ ሌላው በቲዜድ፣ ሦስተኛው በኤስ ብቻ። ስለዚህ የሱቁን ስም ትተን ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አድርጎ የሚጽፋቸውን ሁለት አጫጭር ቃላት መረጥን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ብዙዎቻችን በዶላር የሚከፍል ካርድ ስለሌለን ውጭ ያለ ዘመድ ይከፍልልናል። የአክስቴን የከፈለችው ሜሪላንድ ያለችው ልጇ ናት። ይህ ችግር የለውም። ከፋይና ባለቤት ግን ይለያያሉ። "ሬጂስትራንት" (የስሙ ባለቤት) የሚለው ቦታ ላይ የአክስቴ ስም፣ የአክስቴ ስልክና የአክስቴ ጂሜይል ነው የገባው። እዚያ ላይ የምትሰጡት ኢሜይል በዚያው በዶሜይኑ ስም የተከፈተ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ዶሜይኑ ሲቋረጥ ኢሜይሉም አብሮ ይቋረጣል፣ "ክፈሉ" የሚለው ማስጠንቀቂያም አይደርሳችሁም።

ዶት ኮም ጊዜው ሲያልፍ ወዲያው አይጠፋም። ብዙ ሻጮች የእፎይታ ጊዜ ይሰጣሉ። ከዚያ ደግሞ ጠንከር ያለ ክፍያ ተከፍሎ የሚመለስበት 30 ቀን አለ። እሱም ካለፈ 5 ቀን ጠብቆ ለፈለገው ሰው ይለቀቃል። እኛ የነቃነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነበር።

ሁለተኛው ሆስቲንግ ነው፤ ጽሑፉና ፎቶው የሚቀመጥበት፣ ሌት ተቀን ሳይጠፋ የሚሠራ ኮምፒውተር። ገጾቻችሁ አምስት ስድስት ከሆኑና ቶሎ ቶሎ የማይለዋወጡ ከሆነ እንደ ክላውድፍሌር ፔጅስ ባለ ቦታ በነጻ ማስቀመጥ ይቻላል። የአክስቴም እዚያ ነው። ራሷ እየገባች መለወጥ ብትፈልግ ኖሮ ዎርድፕረስ የሚባለውን፣ ኮድ ሳይጻፍ ገጽ የሚለወጥበትን ፕሮግራም እጭንላት ነበር። እሱ ግን ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ይፈልጋል፣ ብዙውን ጊዜ የወር ኪራይ አለው፣ በየጊዜው ካልታደሰም ሰርጎ ገቦች ይገቡበታል። የሚከፈልበት ሆስቲንግ ከወሰዳችሁ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያው ውል ብቻ ነው። የእድሳቱን ዋጋ ፈልጋችሁ አንብቡ።

ስሙንና ሆስቲንጉን የሚያገናኛቸው ዲኤንኤስ ይባላል። ሆስቲንጉ የሰጣችሁን አድራሻ ዶሜይኑን በወሰዳችሁበት ቦታ ገብታችሁ ትሞላላችሁ። በደቂቃዎች ሊሠራ ይችላል፤ አንዳንዴ እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል። እስከዚያ አትነካኩት። የደህንነት ሰርተፊኬትም ያስፈልጋል፤ ከሌለ አሳሹ ገና ሲከፈት ደንበኛውን ያስፈራራዋል። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው በነጻ ስለሚሰጥ አብዛኞቹ ሆስቲንጎች ራሳቸው ይጭኑላችኋል።

እዚህ ስንደርስ አክስቴ መነጽሯን አወለቀችና "ስሙም ኪራይ፣ ቤቱም ኪራይ። ታዲያ የኔ የሆነው ምኑ ነው?" አለችኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። የእሷ የሆነው ጽሑፉና ፎቶው ነው። ለዚህም ነው ብዙ ቀን የፈጀንበት።

ጽሑፉ በኤችቲኤምኤል ይዋቀራል፣ መልኩ በሲኤስኤስ ይስተካከላል። ለአማርኛ ሁለት ነገር አትርሱ። ገጹ ዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተሩ ፊደላትን የሚያስቀምጥበት ስልት) መሆኑን ከፋይሉ አናት ላይ ግለጹ፤ አለዚያ ፊደሉ የማይነበብ ምልክት ሊሆን ይችላል። ፎንቱንም (የፊደሉን ቅርጽ የያዘውን ፋይል) አብራችሁ ጫኑ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ ይገኛል። በመስመርና በመስመር መካከል ለእንግሊዝኛ ከምትተዉት ሰፋ ያለ ቦታ ተዉ። የእኛ ፊደል ሲጠጋጋ ዓይን ያደክማል።

ምን እንጻፍ ስንል ደንበኞች በስልክ የሚጠይቋትን ጻፍን። ስንት ቀን ይፈጃል? ልኬን እንዴት ልላክ? ነጠላው ከቀሚሱ ጋር ነው? መልሶቹን እሷ እየተናገረች እኔ ጻፍኩ። የመስመር ላይ ክፍያ አላስገባንም። ለጊዜው የስልክ፣ የቴሌግራምና የዋትስአፕ ቁልፍ ይበቃታል። ቁጥሩ ከፊቱ 251 እንዲኖረው አድርጉ፤ አለዚያ ከውጭ የሚነካው ሰው አይደውልለትም።

ፎቶው አስቸግሮን ነበር። ነጭ ቀሚስ ነጭ ግድግዳ ላይ ሰቅለን ስናነሳ ልብሱ ከግድግዳው ጋር ተዋሃደ። ፀሐይ ላይ ስናወጣው ነጩ አንጸባርቆ ጥበቡን ዋጠው። በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በረንዳው ጥላ ሥር ቡናማ ብርድ ልብስ ሰቀልን። አክስቴ የቀሚሱን ጠርዝ በሁለት ጣቷ ወጠር አድርጋ ያዘችው። ድርና ማጉ ሳይቀር ታየ። ስልኩ ያነሳው ፎቶ 4 ሜጋባይት ነበር። ወርዱን ወደ 1200 ፒክስል አውርጄ ዌብፒ በሚባለው፣ ፎቶን በሚያሳንስ የፋይል ዓይነት ሳስቀምጠው 150 ኪሎባይት ሆነ። 20 ፎቶ ቢኖር ከ80 ሜጋባይት ወደ 3 ወረደ ማለት ነው። በሞባይል ዳታ ለሚከፍት ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ሲያልቅ የጽሑፉንና የፎቶውን ሙሉ ቅጂ ፍላሽ ላይ አድርጌ ሰጠኋት። የዶሜይኑን፣ የሆስቲንጉንና የጂሜይሉን የይለፍ ቃል በራሷ እጅ ደብተሯ ላይ ጻፈችና ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። የእድሳቱ ቀን ኦክቶበር 22 ይላል። "ይሄ በኛ ስንት ነው?" አለችኝ። ቆጠርንና ጥቅምት 12 ሆነ።

"ሚካኤል!" አለች። "እሱንማ ረስቼው አላውቅም።"