ለቤት ኮምፒውተር ልትገዙ ነው? ዋጋውን ሱቅ ሳትሄዱ ቤታችሁ ቁጠሩት

የመጀመሪያዋን የቤት ኮምፒውተሬን የገዛኋት በ1999 ዓ.ም ነው። 6,800 ብር። ደሞዜ ያኔ 620 ብር ነበር። የ11 ወር ደሞዝ፣ ያውም ሳይበላ ሳይጠጣ! ብሩን ያገኘሁት እቁብ ወጥቶልኝ ነው። ባህር ዳር፣ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ አካባቢ፣ አንድ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ የተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍ ስተይብ እውል ነበር። ማታ ማታ ቤቴ ብሠራ ገጹ በ2 ብር ለራሴ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ 6,800 ብር ለኔ 3,400 ገጽ ነበር።

ዛሬም ሰው "የስንት ብር ልግዛ?" ሲለኝ ቀድሜ የምጠይቀው ምን ሊሠራበት እንደሆነ ነው። "ልጆቹ ይልመዱበት" መልስ አይደለም። ለመተየብ፣ ትምህርት ለመከታተል፣ የሱቅ ሒሳብ ለመያዝ ከሆነ መካከለኛ ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃል። ቪዲዮ ለማቀናበር ወይም የሕንፃ ንድፍ ለመሥራት ከሆነ ግን ራሙም (ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻው) ግራፊክስ ካርዱም (ምስል የሚሠራለት ክፍል) ጠንከር ማለት አለበት፤ ዋጋውም ሌላ ነው። "አሁን ቀለል ያለውን ልግዛና ቀስ በቀስ አሳድገዋለሁ" የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ላፕቶፕ ላይ ዲስክና ራም ይቀየር ይሆናል። ፕሮሰሰሩ (የማሽኑ አንጎል) እና ግራፊክስ ካርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቦርዱ ጋር አብረው የተበየዱ ናቸው።

በ2018 የእህቴ ልጅ ፖሊ (የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ግቢ) ስትገባ ላፕቶፕ የመረጥኩላት እኔ ነኝ። ያገለገለ፣ 41,000 ብር። እናቷ ዋጋውን ስትሰማ ክው አለች። እኔ ግን በዶላር መነዘርኩት። በ1999 አንድ ዶላር 9 ብር ገደማ ስለነበር የኔዋ ፔንቲየም 4 ኮምፒውተር ከ700 ዶላር በላይ ወጥቶባታል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ብራችን የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፤ የልጅቷ ላፕቶፕ 300 ዶላር እንኳ አይሞላም። ያውም የኔዋ ራሟ 256 ሜጋባይት፣ ዲስኳ 40 ጊጋባይት ነበር። ስለዚህ ሻጩ "ዶላር ጨምሮ እኮ ነው" ሲላችሁ አትከራከሩት፣ እውነቱን ነው። ክርክራችሁን ለዕቃው አቆዩት።

ዕቃው ላይ መጀመሪያ የሚታየው የፕሮሰሰሩ ጀነሬሽን (ትውልዱ፣ የስንተኛው ዙር ሥሪት እንደሆነ) ነው። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 2018 ጀምሮ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያው ቆሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ የሚቀበለው፣ ኢንቴል ከሆነ፣ ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ነው። ኮር አይ 5 ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። አራት አሃዝ ሆኖ በ8 ከጀመረ 8ኛ ነው፤ በ4 ወይም በ6 ከጀመረ አሮጌ ነው። "ኮር አይ 7 ነው እኮ!" የሚለው ማባበያ አያማልላችሁ። የ4ኛ ጀነሬሽን አይ 7 ከ8ኛው አይ 5 አይሻልም። ከዚያ ራሙ 8 ጊጋ፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ይሁን። ኤስኤስዲ የሌለው ማሽን እስኪነሣ ቡና ይፈላል።

ካላችሁ ብር ከአምስት አንድ እጁን ለማሽኑ አታውጡ። ይሄ የኔ ሕግ ነው። ለዲቫይደር፣ ለቦርሳ፣ ለፍላሽ፣ ላልታሰበ ጥገና ይቀመጥ። በ1999 እኔ ማሽኗን ገዝቼ ገና ሳልጀምር ስታቢላይዘር፣ ጠረጴዛ፣ የአቧራ ልብስ ተከታትሎ መጣ። ዴስክቶፕ ለሚገዛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) የግድ ነው፤ ላፕቶፕ ግን ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ላፕቶፕ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

የት ይገዛ? ያኔ እኔ መርካቶ ድረስ ሄጃለሁ። ጀርባዋ ያበጠ ባለ 17 ኢንች ሞኒተር ጭኔ ላይ አቅፌ የዓባይን በረሃ ወረድኩ፣ ወጣሁ። ጉልበቴ ደንዝዞ ነው ባህር ዳር የወረድኩት። አሁን እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። አዲስ አበባ ጥቂት ሺህ ብር ሊረክስ ይችላል። ግን ዕቃው ሲበላሽ ወዴት ነው የምትመልሱት? በባጃጅ ደርሳችሁ ጠረጴዛው ላይ የምታስቀምጡለት ሻጭ ያ ልዩነት የሚከፈልለት ነው። በደላላ ካፌ ውስጥ ተገናኝቶ መግዛትን አልመክርም። የተሰረቀ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ስልኩን ካጠፋ ደግሞ አበቃ።

ሱቅ ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ መብራት መኖሩን በስልክ አረጋግጡ። የቸኮለ ሰው ይዛችሁ አትሂዱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ፍላሽ ያዙ። ስትደርሱ ማሽኑ ተከፍቶ ከጠበቃችሁ አስጠፉትና ቀዝቃዛውን አስነሡት።

እኔ መጀመሪያ የምነካው ኪቦርዱን ነው። ታይፒስት ነኛ! ማስታወሻ መጻፊያውን ከፍቼ ሁሉንም ፊደል አንድ በአንድ እጫናለሁ። በአማርኛ ስትተይቡ አንዱ ፊደል ሁለት ጊዜ መጫንን ይፈልጋል፣ እነ ጠ እና ጨ ደግሞ ሺፍት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሺፍቱ በግራም በቀኝም መሥራት አለበት። ለልጅቷ መጀመሪያ የቀረበልን ላፕቶፕ ላይ የግራው ሺፍት ሲጫኑት ይገባል፣ ቶሎ አይመለስም። ሻጩ ልጅ "እናቴ፣ ሲለመድ ይለቃል" አለኝ። "ልጄ፣ ከለቀቀ በኋላ እመጣለሁ" ብዬ ሌላ አስወጣሁ።

ቀጥሎ ባትሪ። "ሦስት ሰዓት ይቆያል" የሚለውን ቃል ተዉት። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣበት ትእዛዝ አለ፤ ማንኛውም የኮምፒውተር ሻጭ ያውቀዋል፣ "አውጣልኝ" በሉት። በሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ። አንዱ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረው አቅም ነው፣ ሌላው ዛሬ ሞልቶ የሚይዘው። የፊተኛው 50,000 ሆኖ የኋለኛው 20,000 ከሆነ ባትሪው ከግማሽ በታች ወርዷል፤ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ይቀነስላችሁ። በዚች አንዲት ገጽ ነው እኔ ዋጋ የማስቀንሰው።

ከዚያ ባዮሱን (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተውን የማሽኑን ማስተካከያ ገጽ) ክፈቱ። ዴል ከሆነ ሲነሣ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 10 ነው። የይለፍ ቃል ከጠየቀ አትግዙ። ብዙዎቹ ያገለገሉ ላፕቶፖች ውጭ አገር የድርጅት ንብረት የነበሩ ናቸው፤ ቁልፉ ሳይነሣ የመጣ አለ። ስክሪኑን ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ነጥብና ጥላ ፈልጉ፣ ማጠፊያውን ደጋግማችሁ ክፈቱ ዝጉ፣ ካሜራውንና ድምፁን ሞክሩ።

ቻርጀሩን አገላብጣችሁ አንብቡት። ኢንፑት ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ ለኛ መብራት ይሆናል። ከዱባይ የሚመጣው ባለ ሦስት ወፍራም እግር መሰኪያ ስለሆነ አዳፕተር ይሰጧችኋል። የሚላላ አዳፕተር አትቀበሉ። የሚንቀሳቀስ መሰኪያ ብልጭ ብልጭ እያለ ሶኬቱን ያቀልጠዋል።

ዘመድ ከአሜሪካ ዴስክቶፕ ለላከላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከሳጥኑ (በተለምዶ ሲፒዩ ከምንለው) ጀርባ፣ ገመዱ የሚሰካበት አጠገብ፣ ጥፍር የምታህል ቀይ ማንሸራተቻ ልትኖር ትችላለች። ባንድ በኩል 115፣ በሌላው 230 የሚል ተጽፎባታል። የኛ መብራት 220 ነው። ዓባይ ማዶ ያለች ጓደኛዬ ቤት ወንድሟ የላከው ኮምፒውተር 115 ላይ እንደቆመ ተሰካ። ጧ! አለ፣ ቤቱን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሞላው። ደግነቱ የሄደው ፓወር ሰፕላዩ (መብራቱን ለማሽኑ የሚያቀብለው ክፍል) ብቻ ነበር። ገመዱ ሳይሰካ በካቻቪቴ ጫፍ ወደ 230 መግፋት ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። አንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ ቮልቱን ራሱ ስለሚለይ ማንሸራተቻዋ የለችውም።

ቤት ስትገቡ የቦታ ነገር አለ። ሐይቁ ዳር ያለን ሰዎች ማታ መስኮት ከፍተን ስክሪን ስናበራ ትንኙ ሁሉ ወደ ብርሃኑ ይመጣል። ዴስክቶፕ ሲከፈት ውስጡ የማገኘው አቧራና የደረቀ ትንኝ ነው። መስኮቱ ላይ ወንፊት አድርጉ፣ ወይም መብራቱን ከኮምፒውተሩ አርቁ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ላፕቶፕ አልጋ ልብስ ላይ አታስቀምጡ፤ አየር የሚያስገባው ሆዱ በኩል ነው። መብራት ሲሄድ መሰኪያውን ንቀሉ። ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው መብራት ሲመጣ ነው። መጥቶ ትንሽ ከቆየ በኋላ ሰኩት። ጣታችሁን ደግሞ ኮንትሮል ኤስ (የጻፋችሁትን የሚያስቀምጠውን) አስለምዱት። እኔ በየአንቀጹ ነው የምጫነው፣ አሁን ሳላስበው ሁሉ።

ከሱቁ ሳትወጡ የሚያስፈልጋችሁን ፕሮግራም አስጭኑ፤ ቤት ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል። ለአማርኛ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የአማርኛ ኪቦርድ አለ፣ ኪማን የሚባለው መተየቢያም በነጻ ይገኛል። ፓወር ግዕዝ በሚባለው በድሮው የአማርኛ መተየቢያ የተጻፈ ፋይል ያላችሁ ፊደሉን (ፎንቱን) ካልጫናችሁት ገጹ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ነው የሚከፈትላችሁ። ፋይሉ አልተበላሸም፣ አትደምስሱት።

ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የላፕቶፑ ሰርቪስ ታግ ወይም ሰርያል ቁጥር በላዩ ይጻፍ። ዋስትናው በቃል አይሁን። አንድ ሳምንትም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን። በዚያ ሳምንት ማሽኑን አትንከባከቡት፤ ቀኑን ሙሉ ክፍት ይዋል፣ ቪዲዮ ይጫወት፣ ባትሪው እስኪያልቅ ይሠራ። የልጅቷ ላፕቶፕ በዋስትናው ሳምንት ውስጥ የቀኙ ድምፅ ማጉያ መንተፍተፍ ጀመረ። ደረሰኙን ይዘን ሄድን፣ ያው ልጅ አንዴ ሰማውና ሌላ ከመደርደሪያው አወረደልን። የአዲሱንም ሺፍት ፈትሼ ነው የወጣሁት።