ድሬ ላይ የእንጨት ዕቃ የሚያበላሹ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ቁም ሳጥን ሲሰነጠቅ ወይም የጠረጴዛ ቫርኒሽ ሲላጥ መጀመሪያ የሚወቀሰው አናጺው ነው። አንዳንዴ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ግን ዕቃውን የሚያበላሸው የእኛ የባለቤቶቹ ጥድፊያ ነው።

ከደጋ የመጣን ዕቃ ወዲያው ማስጠገን

እንጨት ተቆርጦም፣ ተልጎም፣ ተቀብቶም ካለበት አየር ጋር እርጥበት መቀባበሉን አያቆምም። አየሩ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲረጥብ ያብጣል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ሙቀቷን ታውቁታላችሁ። ከዚያ ተጭኖ የወረደ የዋንዛ ጠረጴዛ እዚህ ሲደርስ ውሃውን ይለቅና በወርዱ ይጠባል። በርዝመቱ በኩል ያለው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለዚህ ነው ክፍተቱ ሁልጊዜ በጣውላና በጣውላ መካከል የሚታየው።

ስህተቱ ያን ክፍተት እንዳዩ በስቱኮ ሞልቶ ቫርኒሽ መቀባት ነው። ዝናብ መጥቶ እንጨቱ ሲያብጥ ስቱኮው ተገፍቶ ይወጣል። ዕቃው በሚቀመጥበት ክፍል ጥቂት ሳምንት ይቆይ፣ ከዚያ ይጠገን።

አዲስ ጠረጴዛ ሲያሠሩ ደግሞ ጎንበስ ብለው ከሥሩ ይዩ። ገበታው በኮላና በምስማር ከእግሩ ጋር ድርቅ ተደርጎ ከታሰረ፣ ለመጥበብ ቦታ ሲያጣ መሃሉ ላይ ይተረተራል። ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ሞላላ ይሁን፣ እንጨቱ ትንሽ ወዲህ ወዲያ እንዲል። ጎበዝ አናጺ ይህን ሳይነግሩት ያውቃል፤ ሳይነግሩት መሥራቱ ግን ሌላ ነገር ነው።

በጠራራ ፀሐይ ቫርኒሽ መቀባት

«ፀሐይ ላይ አውጣው፣ ቶሎ ይደርቃል» ይባላል። መድረቁስ ይደርቃል፤ ግን ከላይ ብቻ ነው። ከሥር የቀረው ቲነር መውጫ ሲያጣ ፊቱን እየገፋ ያኩረፈርፈዋል። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ አቧራውን እላዩ ላይ ይለጥፈዋል። በማለዳ፣ ጥላ ውስጥ፣ ስስ ስስ እያደረጉ መቀባት ይሻላል። አንዱ ዙር በደንብ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብ። በመካከል በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱ መስመር በሚሄድበት አቅጣጫ ቀለል አድርገው አሽተው፣ ዱቄቱን ይጥረጉ። «አቦ፣ ዛሬውኑ ጨርስልኝ» የሚል ደንበኛ ይህን ሁሉ በገንዘቡ ያስዘልላል።

በረንዳ ላይ ለሚቀመጥ ወንበር የቤት ውስጥ ቫርኒሽ አይበቃም። ፀሐይ ይልጠዋል። ለውጭ ተብሎ የተሠራውን ይግዙ።

ምስጥንና ነቀዝን አንድ ማድረግ

ምስጥ ከመሬት ነው የሚመጣው። ግድግዳው ወይም የአልጋው እግር ላይ የጭቃ መንገድ ሠርቶ ይወጣል። መንገዱን ማፍረስ ብቻ ዋጋ የለውም፤ መምጫው መታከም አለበት፤ ዕቃውም ከግድግዳ ራቅ ይበል። ነቀዝ ግን ውስጥ ነው ያለው። ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎችና ከሥራቸው የተከመረ ደቃቅ ዱቄት ካዩ እሱ ነው። እላዩ ላይ ቫርኒሽ ቢደርቡበት ውስጡን መብላቱን አይተውም። ለእንጨት የተዘጋጀ መድኃኒት መጀመሪያ ያልተቀባው እንጨት ይጠጣ፣ ቫርኒሹ ከዚያ ይከተል።

የተቃጠለ የመኪና ዘይትስ? ለአጥር እንጨት የሚቀቡት አሉ። ሳሎን ግን አይግባ። ይሸታል፣ ልብስ ያበላሻል፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም፤ በኋላም ቀለም አይዝልዎትም።

አቧራን በደረቅ ጨርቅ መፈተግ

የእኛ አቧራ አሸዋ አለበት። በደረቁ ሲፈተግ ፊቱን ይቧጭራል። በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ያንሱት፣ ወዲያው በደረቅ ያብሱ። ትኩስ ጀበናና የበረዶ ውሃ ጠርሙስም ያለ ማስቀመጫ አይቀመጡ። ነጭ ቀለበት ከተተወ እርጥበቱ ቫርኒሹ ውስጥ ነው፣ ሊለቅ ይችላል። ጥቁር ከሆነ እንጨቱ ጋ ደርሷል።

በምግብ ዘይት ማወልወል

ለአንድ ሳምንት ያምራል። አብዛኛው የምግብ ዘይት በደንብ ስለማይደርቅ ቆይቶ ይሸታል፣ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል። ሰም ይሻላል። የተልባ ዘይትም ይደርቃልና ጥሩ ነው። ግን የቀቡበትን ጨርቅ ጨባብጠው ጥግ እንዳይጥሉት! ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ ተጠራቅሞ ያለ ክብሪት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውጭ፣ አንድ በአንድ ዘርግተው እስኪደርቅ ይተዉት፣ ወይም ውሃ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ነክረው ይክደኑት።