ያለ ሎክ፣ ያለ ጥድፊያ፦ የጥቅምት አንድ ቀን በናሮውቦት

የምኖረው ብሪስቶል ነው። ዘመድ ከመጣና ወሩ ጥቅምት ከሆነ፣ በባቡር ብራድፎርድ ኦን ኤቨን እወስደውና ናሮውቦት ላይ አወጣዋለሁ። ናሮውቦት ቀጭኗ የቦይ ጀልባ ናት። ወርዷ 2 ሜትር ከምናምን ነው፤ ርዝመቷ ግን 20 ሜትር የሚያልፍ አለ። ለቀን ስትከራዩ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቃችሁ የለም። አከራዩ ትንሽ ያለማምዳችሁና ቁልፉን ይሰጣችኋል፣ በቃ።

ስትከራዩ ከከተማው ሎክ በታች የምትነሳ ጀልባ ጠይቁ። ሎክ ውሃ እየሞላና እየጎደለ ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ባለ በር ገንዳ ነው። ከዚያ በታች ከተነሳችሁ ባዝ እስክትደርሱ አንድም ሎክ የለም። ዋናው ደስታ ሎክ መክፈትና መዝጋት ነው የሚሉ አሉ። ይሁንላቸው። ዴቪዛይስ አጠገብ፣ ኬን ሂል ላይ፣ 29 ሎክ ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል። እናንተ ግን ዳንዳስ አኩዳክት ደርሳችሁ ተመለሱ። አኩዳክት ቦዩን ተሸክሞ ወንዝ የሚያሻግር የድንጋይ ድልድይ ነው። ባዝ ድረስ አትመኙ።

ከኋላ ቆማችሁ የምትይዙት የመሪ ዘንግ አለ። ወደ ግራ ስትገፉት ጀልባዋ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። መኪና የለመደ ሰው መጀመሪያ ግራ ይጋባል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጁ ራሱ ያውቀዋል። የምትዞረው ከወገቧ ስለሆነ፣ አፍንጫዋ ቀኝ ሲል ጅራቷ ግራ ይወጣል፤ ኋላችሁን እዩ። ፍሬን የላትም፣ ለማቆም የኋላ ማርሽ ነው። ስትደነግጡ ደግሞ ማርሹን ፍሪ አታድርጉት። መሪው የሚታዘዘው ፕሮፔለሩ ውሃ ሲገፋለት ብቻ ነው። ፍሪ ካደረጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባላችሁ። ጠርዝ ልትነኩ ስትሉም በእጅ ወይም በእግር ለመግፋት አትሞክሩ። ብዙ ቶን ብረት ናት፣ ብትጋጭ ትጋጭ።

እዚህ አገር መኪና በግራ ቢነዳም፣ ቦይ ላይ ከፊት ጀልባ ሲመጣ ቀኛችሁን ያዙ። ያለዚያ መሃል መሃሉን ሂዱ፤ ዳር ዳሩ ጥልቀት የለውም። የፍጥነቱ ጣሪያ በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ነው። ዳር የታሰሩ ጀልባዎች ሲያጋጥሟችሁ ግን ገና ሳትደርሱባቸው ነዳጁን ቀንሱ። ብዙዎቹ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ናቸው። ፈጥናችሁ ካለፋችሁ ገመዳቸው ይወጠራል፣ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሻዩ ይደፋበታል፣ ብቅ ብሎም የሚገባችሁን ይነግራችኋል።

በዚህ ወቅት ልዩ ጣጣው ቅጠል ነው። ውሃው ላይ የረገፈው ፕሮፔለሩ ላይ ይጠቀለላል። ሞተሩ እየጮኸ ጀልባዋ አልሄድ ካለች፣ ፍሪ አድርጉ፣ ትንሽ የኋላ ማርሽ ስጧት፣ ከዚያ ወደ ፊት። አብዛኛውን ጊዜ ይበተናል። የጀልባዋ ጠርዝም በእርጥብ ቅጠል ስለሚያዳልጥ፣ ስትወርዱ ረገጥ አድርጋችሁ ውረዱ እንጂ አትዝለሉ።

ስለ ቡና። ጀበናውን ጋዝ ምድጃው ላይ ጣዱ። ከሰል ግን ጓዳው ውስጥ በፍጹም! ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ጀልባዋ ደግሞ ጠባብ ናት። እጣን ካማራችሁም ዳር አስራችሁ፣ ሣሩ ላይ ወርዳችሁ አጭሱት። አክስቴ በዚህ ተኳርፋኝ ነበር፤ ሣሩ ላይ ስንቀመጥ ታረቅን።

አኩዳክት ቦዩን ተሸክሞ ወንዝ የሚያሻግር የድንጋይ ድልድይ ነው። መጀመሪያ አቨንክሊፍ ይመጣል። በሁለቱም ጫፍ ድንገት ይታጠፋል፣ ከማዶ የሚመጣው አይታይም። አንድ ሰው ወርዶ ቀድሞ ይይ፣ እናንተም ክላክስ ንፉ። ጎኑን ስታዩ መሃሉ ጎበጥ ብሎ የወረደ ይመስላል፤ እውነትም ተሠርቶ ብዙ ሳይቆይ ሰምጧል። ዳንዳስ የበለጠ ያምራል። መሐንዲሱ ጆን ሬኒ ነው፣ የተከፈተው በፈረንጆቹ 1805። ኤቨን ወንዝንም የባቡር ሐዲዱንም አብሮ ይሻገራል። ባቡሩ ከሥር ሲያልፍ ለእንግዶቼ ታሪኩን እነግራለሁ፦ ቦዩን ያከሰረው ባቡር ነው። ግሬት ዌስተርን የተባለው የባቡር ኩባንያ በፈረንጆቹ 1852 ቦዩን ገዝቶ ቀስ በቀስ ችላ አለው። በኋላ በጎ ፈቃደኞች ታግለው አስጠገኑት፣ በፈረንጆቹ 1990 ንግሥት ኤልሳቤጥ መልሰው ከፈቱት።

ከዳንዳስ ማዶ ውሃው ሰፋ ይላል፤ የምትዞሩት እዚያ ነው። ሌላ ቦታ ለመዞር አትሞክሩ፣ አፍንጫና ጅራቷ ሁለቱን ዳር ይነክሳሉ።

በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከተነሳችሁ ምሳ በልታችሁ ሳትሯሯጡ ትመለሳላችሁ። በፈረንጆቹ ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓት ስለሚቀየር፣ ከዚያ በኋላ 11 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። በጨለማ አትነዱ። ስትመለሱ መሪውን ለእንግዳ ስጡ። አቨንክሊፍ ስትደርሱ ግን ተቀበሉት።